ከጨዋታ በፊት ወይስ በኋላ? ጡንቻን ስቦ ስለ መያዝ

በሚዛን አማን፣ በቴፒ፣ በበበቃ፣ በማሻ፣ በቦንጋና በዙሪያው ባሉት የቡና ቀበሌዎች ሆናችሁ ይህን ትምህርታዊ ዝግጅት የምትከታተሉ ሁሉ፣ የዛሬው ርዕሳችን ጡንቻ ነው። ኳስ ሊጫወት ወይም ሊሮጥ የተነሣ ሰው ሁሉ አስቀድሞ የሚያደርጋት ነገር አለች። እግርን ዘርግቶ ጣትን መያዝ፣ ግድግዳ ተደግፎ ባትን መሳብ፣ ቁርጭምጭሚትን ጨብጦ ተረከዝን ከመቀመጫ ማገናኘት፣ ከዚያም ሳይነቃነቁ እዚያው መቆየት። ስፖርተኞቻችን ስትሬቺንግ ይሏታል። ይህቺ ስቦ መያዝ ጡንቻው ላይ ምን እንደምትሠራ፣ መቼ እንደምትጠቅም፣ መቼስ ጉልበት እንደምትቀንስ ነው ዛሬ የምናየው።

ነገሩን ያነሣሁት በምክንያት ነው። ቅዳሜና እሑድ ከሰዓት በኋላ በየትምህርት ቤቱ ሜዳ ብቅ ያለ ሰው ቡድኖቹ ክብ ሠርተው ሣሩ ላይ ተቀምጠው፣ አምበሉ እስከ ሠላሳ እየቆጠረ፣ እያንዳንዱን ጡንቻ ሁለት ሦስት ጊዜ ሲስቡ ያያል። ወዲያው ፊሽካ ይነፋና ጨዋታው ይጀመራል። ልማዱ ከስፖርት መምህሩ ወደ ተማሪው፣ ከተማሪው ወደ ታናሹ ሲተላለፍ የኖረ ነው፤ የሚደረገውም በቅን ልቦና ነው። ነገር ግን የስፖርት ሳይንስ ተመራማሪዎች ባለፉት ሠላሳ ዓመታት ጡንቻን በመሣሪያ እየለኩ ያገኙት ውጤት ቅደም ተከተሉን እንድንለውጥ ያስገድደናል።

አስቀድመን ነገሩን በራሳችን አካል ላይ እንየው። የምትችሉ ሁሉ ተነሡና ግድግዳ ፊት ቁሙ። ሁለት እጃችሁን ግድግዳው ላይ አሳርፉ። ቀኝ እግራችሁን አንድ እርምጃ ያህል ወደ ኋላ ውሰዱ፤ ጉልበቱ እንዳይታጠፍ፣ ተረከዙም ከመሬት እንዳይነሣ። አሁን የግራ ጉልበታችሁን አጠፍ አድርጋችሁ ወደ ግድግዳው ዘንበል በሉ። ባታችሁ ተወጠረ? ሕመም ላይ ሳይደርስ ውጥረቱ ብቻ ሲሰማችሁ እዚያው ላይ ቁሙ። አትወዛወዙ። በዝግታ እየተነፈሳችሁ እስከ ሠላሳ ቁጠሩ።

(ሠላሳ ሰከንድ የክራር ሙዚቃ)

ምን ተሰማችሁ? መጀመሪያ ጠንክሮ የነበረው ውጥረት አሥራ አምስት፣ ሃያ ላይ ስትደርሱ ላላ አላለም? እግራችሁን አላንቀሳቀሳችሁም፤ የያዛችሁት ቦታም ያው ነው። የቀነሰው፣ የተሳበው ጡንቻ መልሶ የሚስብበት ኃይል ነው። አዲስ ጠፍር አልጋ ላይ ተወጥሮ ሲያድር ጠዋት ረገብ ብሎ እንደሚገኘው ማለት ነው። ልዩነቱ ጡንቻ ይህን የሚያደርገው በሰከንዶች ውስጥ መሆኑ ላይ ነው፤ የመርገቡም አብዛኛው ክፍል የሚታየው በመጀመሪያዎቹ ሃያ ሰከንዶች አካባቢ ነው።

ጡንቻ ውስጥ ያሉት ጉልበት የሚያመነጩ ክሮች ብቻ አይደሉም። ክሮቹን በጥቅል በጥቅል እያሰረ የሚሸፍናቸው ስስ ሽፋን አለ። በእያንዳንዱ ክር ውስጥም ቲቲን የሚባል ረጅም ፕሮቲን አለ፤ የተሳበ ጡንቻ ሲለቀቅ ወደ ቦታው እንዲመለስ የሚያግዘው እሱ ነው። ጫፉ ላይ ደግሞ ጅማት አለ፤ ባትን ከተረከዝ አጥንት ጋር የሚያያይዘው ወፍራም ጅማት ለዚህ ምሳሌ ይሆነናል። እነዚህ ሁሉ ሲሳቡ ይቋቋማሉ። አንድን ጡንቻ በተወሰነ መጠን ለማርዘም ብዙ ኃይል ካስፈለገ ጡንቻው ግትር ነው፤ ጥቂት ከበቃው ልል ነው። ተመራማሪዎች ይህን የሚለኩት ሰውየውን ወንበር ላይ አስቀምጠው፣ እግሩን መርገጫ ላይ አስረው፣ ማሽኑ ቀስ እያለ ቁርጭምጭሚቱን ሲያጥፍ የሚገጥመውን ተቃውሞ በመመዝገብ ነው። ከቅርብ ጊዜ ወዲህ ደግሞ በአልትራሳውንድ መሣሪያ አንዲት ትንሽ ሞገድ ጡንቻው ውስጥ ሰድደው ፍጥነቷን ያነባሉ። በግትር ጡንቻ ውስጥ ሞገዷ ፈጥና ታልፋለች፤ በልል ጡንቻ ውስጥ ትዘገያለች።

እንግዲህ ስቦ መያዝ ግትርነትን ይቀንሳል። ይህ የተረጋገጠ ነው። ግን ለምን ያህል ጊዜ? በፈረንጆች 2008 የታተመ አንድ የአሜሪካ ጥናት የባትን ጡንቻ በድምሩ ለ2፣ ለ4 እና ለ8 ደቂቃ እየሳበ ለክቶታል። 2 ደቂቃ የተሳበው በ10 ደቂቃ ውስጥ ወደነበረበት ግትርነት ተመለሰ። 4 እና 8 ደቂቃ የተሳበውም በ20 ደቂቃ ውስጥ ተመለሰ። ማለዳ ቤቱ ስቦ የወጣ ሰው ሜዳ እስኪደርስ ያ ልልነት አብሮት የለም ማለት ነው።

«ታዲያ በየቀኑ እየሳቡ ከወር በኋላ ጣታቸውን የሚነኩ ሰዎች ከየት አመጡት?» የሚል ጥያቄ ይነሣል። ተገቢ ጥያቄ ነው። በፈረንጆች 1996 የዴንማርክ ተመራማሪዎች ሰዎችን አንድ እግራቸውን ብቻ ለሦስት ሳምንት እንዲስቡ አድርገው ነበር። የሠራው እግር በርግጥ ከበፊቱ ርቆ መዘርጋት ቻለ። በማሽኑ ሲለካ ግን የጡንቻው ተቃውሞ ያው እንደነበረው ነው። የተለወጠው ሰውየው ውጥረቱን የሚችልበት ልክ ነው፤ ቀድሞ «በቃ!» ይልበት የነበረውን ውጥረት አሁን ችሎት ያልፋል። ለረጅም ወራት አጥብቆ የሠራ ሰው ጡንቻው ራሱም ሊላላ ይችላል፤ በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ግን ለውጡ በአብዛኛው የመቻል ለውጥ ነው። እኔ በበኩሌ ከዚህ ሁሉ ምርምር እጅግ የሚደንቀኝ ይህ ነው፤ የሰውነታችን መተጣጠፍ ልኩ የተወሰነው በሥጋው ብቻ አይደለም፣ ነርቩም ድርሻ አለው።

ወደ ነርቭ ከገባን አይቀር ወደ ሁለተኛው ጉዳይ እንሻገር። ጡንቻ በራሱ አይነሣም። ትእዛዝ ከአንጎል ይወጣል፣ በህብለ ሰረሰር በኩል ይወርዳል፣ ከዚያ በነርቭ ጡንቻው ዘንድ ይደርሳል። ምን ያህል የጡንቻ ክሮች እንደሚነሡና ምን ያህል ተደጋግመው እንደሚቀሰቀሱ የሚወስነው ይህ ትእዛዝ ነው። ባለ ትልቅ ጡንቻ ሰው ትእዛዙ ከደከመበት ጉልበቱ ይቀንሳል።

ትእዛዙ ሙሉ መሆኑ የሚታወቅበት ብልሃት አለ። ሰውየው በሙሉ ኃይሉ መርገጫውን እንዲገፋ ይጠየቃል። ያለ የሌለ ጉልበቱን አውጥቶ በሚገፋበት ቅጽበት ነርቩ ላይ አጭር የኤሌክትሪክ ንዝረት ይለቀቅበታል። ግፊቱ በዚያ ንዝረት ከጨመረ፣ ሳይቀሰቀሱ የቀሩ ክሮች ነበሩ ማለት ነው።

በካናዳ ሃሚልተን ከተማ ማክማስተር ዩኒቨርሲቲ ያሉ ተመራማሪዎች በዚህ ብልሃት የሠሩትንና በ2000 ያሳተሙትን ጥናት ብዙዎች ይጠቅሱታል። 10 ወጣቶች ባታቸው 13 ጊዜ፣ በየጊዜው ለ135 ሰከንድ ተሳበ፤ በድምሩ ግማሽ ሰዓት ገደማ። ወዲያው ሲለካ ጉልበታቸው በ28 በመቶ ወርዶ ተገኘ። ከአንድ ሰዓት በኋላም ገና 9 በመቶ ይጎድለው ነበር። ተመራማሪዎቹ ምክንያቱን ለያይተው ሲያዩት፣ በመጀመሪያዎቹ ደቂቃዎች የታየው ጉድለት በብዛት የትእዛዙ መዳከም ነው፤ እሱ በሩብ ሰዓት ገደማ ውስጥ አገገመ። ከዚያ በኋላ የቀረው ጉድለት ግን የጡንቻው የራሱ ነው።

ትእዛዙ ለምን ይዳከማል? ጡንቻ ውስጥ ርዝመትን የሚከታተሉ ጥቃቅን የስሜት አካላት አሉ። ጡንቻው ሲሳብ ወደ ህብለ ሰረሰር መልእክት ይልካሉ፤ መልእክታቸው ወደ ጡንቻው የሚወርደውን ትእዛዝ ያጠናክረዋል። ጡንቻው ለረጅም ጊዜ ተስቦ ሲቆይ መልእክታቸው ይቀዘቅዛል፤ የህብለ ሰረሰሩ ነርቮችም ለመቀስቀስ ዳተኛ ይሆናሉ። በሌላ በኩል የላላው ጡንቻ የሚያመነጨውን ጉልበት ለአጥንቱ ለማድረስ ቅንጣት ጊዜ ይጨምርበታል። ለማዕዘን ምት በሚዘል በረኛ ዘንድ ያቺ ቅንጣት ጊዜ ትልቅ ነገር ናት።

እዚህ ላይ ግን ፍርዳችን ሚዛኑን እንዲጠብቅ እፈልጋለሁ። ከጨዋታ በፊት አንድ ጡንቻ ለግማሽ ሰዓት የሚስብ ተጫዋች የለም። ስለዚህ ዴቪድ ቤም የተባሉት የካናዳ ተመራማሪና ባልደረቦቻቸው በ2016 ከመቶ በላይ ጥናቶችን በአንድ ላይ መርምረው ያወጡት ግምገማ ለሜዳችን የበለጠ ይቀርባል። አንድ ጡንቻ በድምሩ ለ60 ሰከንድ ወይም ከዚያ በላይ ሲያዝ አቅም በአማካይ በ4.6 በመቶ ይወርዳል። ከ60 ሰከንድ በታች ሲሆን የሚወርደው 1.1 በመቶ ብቻ ነው። ሳይቆሙ እያንቀሳቀሱ ማፍታታት ግን በ1.3 በመቶ ከፍ ያደርገዋል። አምበሉ እስከ ሠላሳ ሲቆጥር፣ ያንኑ ጡንቻ ሁለቴ ሦስቴ ሲደጋግም፣ 60 ሰከንዷ እዚያው ሣር ላይ አለፈች። የእኛ ክብ የምትወድቀው በመጥፎው በኩል ነው።

ልጆቻችን የሚያዩአቸው አትሌቶችስ ምን ያደርጋሉ? ማለዳ በእንጦጦ፣ በሰንዳፋ ወይም በሱሉልታ ባሕር ዛፍ መካከል የሮጡ ሰዎች ያውቁታል። ቡድኑ አንዱ ከአንዱ ኋላ ተሰልፎ፣ በዛፎቹ መካከል እየተጠማዘዘ፣ መራመድ በሚመስል ዝግታ ይጀምራል። ሰውነቱ እስኪሞቅ ማንም አይቸኩልም። ቀጥሎ እጅና እግርን እያወናጨፉ፣ ጉልበትን ከፍ እያደረጉ፣ እየዘለሉ ማፍታታት ይመጣል። ለሯጭ ይህ ቅደም ተከተል ትርጉም አለው። እግር መሬት ሲረግጥ የተረከዙ ጅማት ይሳባል፣ ሲነሣ ደግሞ ያጠራቀመውን ኃይል መልሶ ይሰጣል፤ ጡንቻው ከባዶ ከማመንጨት ይድናል። ቀነኒሳ በቀለ በ2005 ብራስልስ ላይ 10,000 ሜትሩን በ26 ደቂቃ ከ17.53 ሰከንድ ሲጨርስ 25 ዙር ሙሉ ይህ ስጦታ በእያንዳንዱ እርምጃ ሲመለስለት ነበር። አንዳንድ ጥናቶችም በወገብና በእግራቸው ጠንከር ያሉ፣ ብዙ የማይተጣጠፉ ሯጮች በእኩል ፍጥነት ያነሰ ኦክስጅን እንደሚጠቀሙ አሳይተዋል። ስለዚህ «እግሬ ግትር ነው» ብሎ የሚጨነቅ ሯጭ ሁሉ የሚጨነቅበት ምክንያት የለውም። መጠነኛ ግትርነት ሀብት ነው።

(አጭር ሙዚቃ)

አሁን ሜዳውን ትተን ወደ ቡናው እንግባ። ምክንያቱም በዚህ አገር ከኳስ ተጫዋቹ ይልቅ ጡንቻውን አብዝቶ የሚያሠራው ቡና ለቃሚው ነው።

በለቀማ ወቅት አንዲት እህታችንን ተከትለን እንሂድ። ቅርጫቷን ወገቧ ላይ አስራለች። በግራ እጇ ረጅሙን ቅርንጫፍ ጎንበስ አድርጋ ትይዘዋለች፤ በቀኟ ቀይ ቀዩን እየመረጠች ትለቅማለች። አንገቷ ወደ ላይ ቀና እንዳለ፣ ክንዷ ከትከሻዋ በላይ እንደተነሣ ረፋዱ ያልፋል። ከዚያ መሬት የወደቀውን ለማንሣት ታጎነብሳለች። ሲመሽ እሸቱ ጆንያ ውስጥ ይገባና ከቁልቁለቱ ወደ መረከቢያው ይወርዳል፤ በዝናብ ጊዜ መንገዱ ጭቃ ነው። በማግስቱ የሚታመመው ማጅራት፣ ትከሻና ወገብ ነው፤ በሁለተኛው ቀን ደግሞ ጭን።

ጭን በሁለተኛው ቀን የሚታመምበት ምክንያት በደንብ የታወቀ ነው። ሸክም ይዞ ቁልቁል የሚወርድ ሰው የጭኑ ጡንቻ እየጎተተ ሳለ እየረዘመ ይሠራል፤ ሰውነቱ ወደፊት እንዳይደፋ ፍሬን ይይዛል። እንዲህ ያለው ሥራ በጡንቻው ክሮች ላይ ጥቃቅን ጉዳት ያደርሳል። ሕመሙ ወዲያው አይሰማም፤ ከአንድ እስከ ሦስት ቀን ባለው ጊዜ ውስጥ ይበረታል፣ ከዚያ በራሱ ይለቃል። ብዙ ሰው ይህን ሕመም ለማስቀረት ስቦ መያዝን ይመክራል። ኮክሬን የተባለው የሕክምና ጥናቶች ገምጋሚ ድርጅት በ2011 ያወጣው ግምገማ 12 ጥናቶችን መርምሮ ያገኘው ግን ሌላ ነው። ከሥራ በፊትም ሆነ በኋላ መሳብ ከ100 ነጥብ በሚለካ የሕመም መስፈሪያ ላይ ቢበዛ 4 ነጥብ ያህል ብቻ ይቀንሳል። ይህም ማንም ሰው ለይቶ የማያስተውለው ልዩነት ነው።

ታዲያ ሕመሙን የሚያስቀረው ምንድን ነው? ጡንቻውን ቀስ በቀስ ማስለመድ። አንድ ጊዜ በመጠኑ ቁልቁል የወረደ ጡንቻ ከሳምንት በኋላ ያንኑ ሥራ ሲደግም የሚደርስበት ጉዳት እጅግ ያነሰ ነው፤ ይህ ጥበቃ ለሳምንታት ይዘልቃል። ስለዚህ ለቀማው ሲጀመር በመጀመሪያዎቹ ቀናት ግማሽ ጆንያ ይዞ ሁለቴ መመላለስ፣ ሙሉውን አንዴ ከመሸከም ይሻላል። በየቡና እርሻው ያላችሁ የሥራ ኃላፊዎች፣ አዲስ ሠራተኞችን በመጀመሪያው ቀን ከባዱን ጆንያ አታሸክሟቸው።

ለቃሚዋ ታዲያ ስቦ መያዝ አይጠቅማትም ማለት ነው? ይጠቅማታል፤ ጊዜው ማታ ነው። ክንድን ለሰዓታት ወደ ላይ ዘርግቶ የዋለ ሰው ደረቱን፣ ትከሻውንና ማጅራቱን ቀስ ብሎ ቢስብ የመጨበጥና የመያዝ ስሜቱ ይለቀዋል፤ በሳምንታት ውስጥም ክንዱና ወገቡ የሚሄዱበት ርቀት ይሰፋል። የበር መቃን ላይ ክንድን አሳርፎ ደረትን ወደፊት ማስቀደም አንዱ ነው። መሬት ላይ በጀርባ ተኝቶ ሁለት ጉልበትን ወደ ደረት ማቀፍ ለወገብ ነው። ቀደም ሲል በግድግዳው የሠራነው ለባት ነው። የአሜሪካ የስፖርት ሕክምና ኮሌጅ ምክር በእያንዳንዱ ጡንቻ ከ10 እስከ 30 ሰከንድ መያዝ፣ ድምሩ 60 ሰከንድ እስኪሞላ መደጋገም፣ ይህንንም በሳምንት ቢያንስ ሁለት ሦስት ቀን ማድረግ ነው። ለአረጋውያን ከ30 እስከ 60 ሰከንድ መያዝ ይመከራል። አባቶችና እናቶች፣ ይህ ለእናንተም ነው፤ ከዱካ ለመነሣትና ጫማ ለማሰር የሚያስፈልገው መተጣጠፍ ሳይሠሩበት ይጠፋል።

አንድ ጥንቃቄ ልጨምር። ድንገት እንደ ስለት የወጋ፣ የተቀደደ የሚመስል ጡንቻ አይሳብም። ከወገብ ተነሥቶ ወደ እግር የሚወርድ መደንዘዝ ወይም መንዘር ያለበት ሰው በመሳብ ራሱን ለማከም አይሞክር፤ ወደ ጤና ጣቢያ ይሂድ።

የቀረን ጉዳይ ጉዳትን መከላከል ነው። በአውስትራሊያ 1,538 ምልምል ወታደሮች ላይ የተደረገውና በ2000 የታተመው ጥናት፣ ከልምምድ በፊት ስቦ የያዘውም ያልያዘውም ምልምል በእግሩ ላይ የሚደርስበት ጉዳት ከሞላ ጎደል እኩል መሆኑን አሳይቷል። በአንጻሩ ፊፋ ያስተዋወቀው «11 ፕላስ» የሚባለው የማሟሟቂያ ሥርዓት አለ። 20 ደቂቃ ይወስዳል፤ ቀላል ሩጫ፣ በአንድ እግር መቆም፣ ቁጢጥ ብሎ መነሣት፣ መዝለልና በለስላሳ ማረፍ፣ አቅጣጫ እየለወጡ መሮጥ ነው። በውስጡ ስቦ መያዝ የለም። ኖርዌይ ውስጥ ከ13 እስከ 17 ዓመት ባሉ 1,892 ሴት ተጫዋቾች ላይ ተሞክሮ ጉዳትን በአንድ ሦስተኛ ገደማ፣ ከባድ ጉዳትን በግማሽ ያህል ቀንሷል። ኳስና ጥቂት ምልክት ማድረጊያ እንጂ ውድ ዕቃ አይጠይቅም። በሚዛንም በቴፒም፣ ጭቃ በበዛበት ሜዳ ላይ እንኳ ይሠራል።

በየትምህርት ቤቱና በየቀበሌው ቡድን ያላችሁ መምህራንና አሠልጣኞች፣ ጥያቄዬ ለእናንተ ነው። በዚህ ሳምንት መጨረሻ በሚኖራችሁ ጨዋታ ክቡን ከጨዋታው በኋላ አድርጉት። ከጨዋታው በፊት 5 ደቂቃ በዝግታ አስሩጧቸው፤ ቀጥሎ እግር ማወናጨፍ፣ ረጅም እርምጃ እየወሰዱ መንበርከክ፣ ተረከዝን ወደ መቀመጫ እየመቱ መሮጥ፣ በመጨረሻም ፍጥነት እየጨመሩ ሦስት አራት አጭር ሩጫ። «የለመድኩት ካልሆነ አይሆንልኝም» የሚል ተጫዋች ካለ አትከልክሉት፤ ለአንድ ጡንቻ ከ30 ሰከንድ አይለፍ፣ ከዚያም ተነሥቶ ቢያንስ 5 ደቂቃ ይንቀሳቀስ። ፊሽካው ሲነፋ ጡንቻቸው የሞቀ፣ ትእዛዝ ሲደርሰው የሚነሣ ይሁን።